ገማች

ከኦፋኪም ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
በሚያዝያ ንዳድ ቢጫው አፈር ሲነቃ፣
ማክሉፍ ቆሞ ነበር ከማሳው አፋፍ ላይ፣
ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ለቀስተኛ፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰማዩን ሲያይ።

ሕጉ አጭር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፣
ለስንቱ ገበሬ ደጋግሜዋለሁ፦
ሰማይ ዕዳውን ክዶ ከሸመጠጠ፣
ዱናሙም ከመቶ ሃያ ኪሎ በታች ከሰጠ፣
መንግሥት ዋስ ሆኖ ካሳ ይከፍላል።
ከመቶ ሃያ አንድ ጀምሮ ግን፣ ገበሬው ጠግቧል ይባላል።

ምሥራቁን ዞርን። ዛላው ከጣቴ አይበልጥም፣
ፍሬው ቢታሽ፣ ቢነፋ፣ ከመዳፍ አይቀመጥም።
ደቡቡም ያው ነው፤ ነፋስ ያጨደው፣
አንበጣ እንኳ ተጸይፎ ትቶት የሄደው።
ወደ ሸለቆው ስንወርድ፣ ውሃ በሚያድርበት፣
ማክሉፍ ፈጠን አለ፤ ወሬውም በዛበት፦
ስለ ሚስቱ ጉልበት፣ ስለ ትራክተር ጎማ፣
እርሻ ጠልቶ ስለ ኮበለለው ልጁ፣ ስለ ከተማ።

እኔ ግን ቆምኩ።

ወገቤን የሚነካ ስንዴ፣ ዛላው የከበደ፣
ድርቁ ሲያልፍ ተደብቆ ብቻውን የወለደ።

ማክሉፍ ወሬውን አቆመ።
የትንኝ ድምፅ ሰማሁ።
ከኪሱ የሱፍ ፍሬ አውጥቶ ዘረጋልኝ፣
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «ብዪ» አለኝ።
«ብዪ» አለኝ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣው፤
ልመናውን ከነቅርፊቱ ነው የዋጠው።

አባቴ ወገራ ሳለ፣ የሰው መሬት አራሽ፣ ሲሶ ከፋይ፣
ገማች በበቅሎ ሲመጣ፣ አዝመራውን ሊያይ፣
በጭንጫው በኩል ነበር የሚመራው፣
ወዲያ ማዶ ያለውን፣ ያማረውን፣ እንዳያሳየው ፈርቶ፣ ሲያዞረው።
የእኛን ሥጋ ገማቹ ስለማይበላ፣
ማጭድ ቀጥቅጦ ይሰጠው ነበር፣ በግብዣው ፈንታ፣ በጠላው ሌላ።
አባቴ «ትንሽ ነው» ያለው እንዳይከፍል ነው፤
ማክሉፍ ትንሽ እንዲሆን የሻው እንዲከፈለው።
ሁለቱም ግን፣ በሁለት አገር፣ በሁለት ዘመን፣
የገዛ እህላቸውን አሙት፣ በሌላ ሰው ፊት፣ አንገት ደፍተው፣ ያን ያሳደጉትን።

ደመርኩ፣ አካፈልኩ። እንደገና ደመርኩ።
መቶ ሃያ አራት።
አራት ኪሎ ትርፍ።

ማን ያየኛል? ሰማይ? እርሱ ራሱ ባለዕዳ፤
ሚኒስቴሩ? ቢሮው ሩቅ፣ ለዚህ አፈር እንግዳ።
ቁጥሩ ግን ያየኛል፣ ዓይኑን ሳይሰብር።
ጻፍኩት። ማክሉፍም ፈረመ፣ ሳይከራከር።

«ግን አላማረም?» አለ፣ ዛላውን እየዳበሰ።
አሁን ማወደስ ይችላል፤ ካሳው ፈረሰ።

ማታ፣ ኔቲቮት፣ አራተኛ ፎቅ፣ አባቴ
እግሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ «ስንት ጻፍሽ፣ በሞቴ?»
«ያለውን» አልኩት።
ዝም አለ፣ ውሃው እስኪበርድ ድረስ።
«ያም ሰውዬ እንዲሁ ይል ነበር፣ ማጭዴን ይዞ ሲመለስ።»