ቀይ መስመር

መብራት ሳይጠፋብኝ፣ ሒርማታ ገበያ፣
የሙት ዓመት ጥሪ ጻፍኩኝ ተቻኩዬ፤
«እናታችን ጅቱ፣ ብዙ ዘመን ታምተው
ያረፉበት ዕለት የፊታችን እሑድ...» ብዬ።

ኮምፒውተሬ አይቶ ስማቸውን ጠላ፣
ከ«ጅቱ» ግርጌ ላይ ቀይ መስመር አሰመረ፤
«ታምተው» ግን ቃል ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው
እንደ ጨዋ እንግዳ በሰላም አደረ።

ጠዋት ጋሽ ቀልቤሳ፣ ኮቱን ዝናብ አርሶት፣
መነጽሩን ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
ጣቱ በየፊደሉ እያነከሰ ሄደ፤
ቆመ።
«ልጄ፣ እኚህ ሴት ታመው ነው የሞቱት
ወይስ ታምተው?» አለኝ።
ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ላቤ ወረደ፤
አምስት መቶ ቅጂ ሐሜት ልናትም ነበር!

አንዷን ቃል አቀና።
«ይህ ቀይ መስመርስ?» ብዬ ስክሪኑን ባሳየው፣
«ተወው» አለ፣ «ማሽኑ የት አውቆ፣ የት አይቶ?
ሙዝ በዱቤ የበላሁ እኔ ነኝ ከጅቱ።»