ተራ ቁጥር አንድ

ፒያሳ ከፎቅ ሥር፣ ከጫማ ቤቱ ጎን፣
በሃያ ብር ሂሳብ ስጽፍ የሰው ውጥን፣
ስንቱን አየሁ መሰለህ!
ሰባት ጓደኛሞች አንድ ላይ መጥተው፣
ሰባቱም "ሶፍትዌር" ብለው አስቀድመው፣
ለአንዲት ጠባብ በር ትከሻ ተጋፍተው
ሰባቱም ሲቀሩ።
አንዱ ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በነሱው ነጥብ፣
የእንስሳት ሕክምና ብሎ
ሰተት አለ በሩን ማንም ሳይነካው።
ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ተራ ነው ጨዋታው፣
ከላይ የጻፍከው ነው የታቹን የሚበላው።
(እኔስ? ሕግ ብዬ፣ ሕግ አንደኛ ብዬ፣
ይኸው የሰው እጽፋለሁ የራሴን ጥዬ።)

ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ጦይባ ይመር መጣች ከአባቷ ጋራ።
"ሕክምና ይቅደም" አሉ፣ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ፤
እሷ ቃል ሳይወጣት በጣቷ አሳየችኝ ከዝርዝሩ ጫፉ፦
ጂኦሎጂ።

"ምንድን ነው እሱ ደሞ?"
"መሬት ለምን እንደምትሄድ የሚማሩበት ነው" አልኳቸው።
ዝም አሉ። ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል።
"የኛን ግድግዳ ማለትህ ነው?
ከጦሳ ሥር ነን እኮ፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል።
ክረምት በገባ ቁጥር ጋዜጣ በሊጥ እለጥፍበታለሁ፣
ካልተቀደደ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮም ቆመናል እላለሁ።"

ነጥቧን አየሁት። ለሕክምና አፋፉ ላይ ናት፣
ብትገፋ የምትወድቅ።
"ሁለተኛ አርጋት" አሉኝ፣
"ሕክምናውም አይቅር፣ እሷም ትያዝ።"
"ጋሽ ይመር፣ ሁለተኛ ማለት
የኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው፣ ሲመሽ፣ በወረፋ፤
ረዳቱ 'አንድ ሰው!' ይላል፣
ሮጠው ሲደርሱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ያንቀላፋ።"
ጢማቸውን አሹ። ልጅቱን አላዩዋትም።
"እንግዲያው አስቀምጠው፤ እንዳትልከው ግን" አሉ፤
ሃያዋን ብር ቆጥረው ሰጡኝ፣ በሳንቲም።

ያን ሌሊት የዘነበውን ደሴ ትናገር።

ሲነጋ፣ ሱቄን ሳልከፍት፣ በሩ ላይ አገኘኋቸው፣
ብቻቸውን፣ ጫማቸው ጭቃ፣
እንቅልፍ ያላየ ፊታቸው።
ገባን። ከኮታቸው ኪስ አንዲት ቁራጭ ጋዜጣ አወጡ፣
መሐል ለመሐል የተቀደደች፣
ሊጡ ከጀርባዋ ገና ያልደረቀ።
ሁለቱን ግማሽ ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን አኖሩና
"እችን" አሉኝ፣
"አንደኛው ላይ ጻፋት።"