አሥራ አራት ደረጃ

ሄርማታ፣ ከነጂሃ ሱቅ፣ ሬዲዮው ከምክር ቤት ይጮኻል፤
አንዱ ስለ ድጎማ በጀት፣ አንዱ «ዜጋ ማነው?» ይላል፣
አፈ ጉባኤው ደቂቃ ይቆጥራል።

ነጂሃ መኪናዋን የምትዘውረው በእጇ ነው፤
እግሯን ከወንበሩ ሥር አጥፋ አስቀምጣዋለች፣
ለሌላ ቀን እንደሚሆን ቅዳጅ ጨርቅ።

መታወቂያዋ ጊዜው አልፏል። ቀበሌው ፎቅ ላይ ነው፤
አሥራ አራት ደረጃ፣ ትናንት ከታች ሆና ቆጠረችው።
«አሻራ በአካል ነው!» አላት ጸሐፊው፣
አንገቱን ብቻ በመስኮት አውጥቶ፤
የጅማ ዝናብ እየመታት ሰማችው።

አሁን ድምፅ ይሰጣል።
ድጋፍ፣ ብዙ። ተቃውሞ፣ ሁለት።
«ድምፀ ተአቅቦ?»

መኪናዋን አቆመች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
ለሬዲዮው እጇን አወጣች፤
«አንድ» አለች፣ «ከደረጃው ሥር።»

ደንበኛዋ ሳቀ።
የሱሪው አንድ እግር ገና ነበር።