ለቤት የሚበስል ገንፎ

በካይኑ፣ የሰኔ ፀሐይ እኩለ ሌሊት ሸለብ ብላ ስትነቃ፣
ትንኙ ከሐይቁ ተነሥቶ ሰውና ላም ሳይለይ ሲያጠቃ፣
በርሜሉን ከጎተራ ጎትቼ አጠብሁት፤ ጊዜው በቃ።

በጋችን አጭር ነው። የበሰበሰ ጣውላ ይቀየራል፣
የጭስ ማውጫ ይጠረጋል፣ እንጨት ተፈልጦ ይደረደራል፤
ያልሠራነውን፣ አንድ በአንድ፣ በረዶ መጥቶ ይቆጥራል።

ዐሥር ዓመት ሞላው፤ ግድግዳው ቀለሙን እንደ ዱቄት ያራግፋል፣
የተደገፈው እንግዳ ሁሉ ትከሻው ቀልቶ ያልፋል።
"ቤቱ ራበው" ትል ነበር፣ ኤንሲዮ፣ መዳፍህን አሽተህ አይተህ፤
ዘንድሮ እኔም ዳሰስሁት። ራብ ነው። በዚህስ አልዋሸህ።

ውኃው ሲንተከተክ ጨመርሁበት አረንጓዴውን የብረት ጨው፣
ከዚያ የጥቁር ዳቦ ዱቄት፤ እንዳይጓጉል፣ ምሥጢሩ ቀስ ማለት ነው።
ቀዩ አፈር መጨረሻ። ያኔ ገንፎው ደም መሰለ፣
በአሮጌ መቅዘፊያ ሳማስለው ቡጭ ቡጭ እያለ ጓንቴ ላይ ዘለለ።
ለሠርጋችን እንኳ በዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ድስት አልተጣደ፤
ቤቱ ግን በየዐሥር ዓመቱ ሙሉ በርሜል መዋጥ ለመደ።

ኡርፖ መጣ ከሐይቁ ማዶ፣ መሰላሉን በጀልባው አጋድሞ፣
ሰላምታ የለ፣ ወሬ የለ፤ "ነፋስ የለም" አለኝ ቆሞ።
ሦስቱን ግድግዳ በሦስት ቀን፤ ደቡቡ እንደ ተጠማ ጠጣ፣
ምሥራቅና ምዕራቡ ቀማመሱ፤ በአራተኛው የሰሜኑ ተራ መጣ።

ሰሜኑ—
ያ ከጣሪያው ሥር፣ ከክዳኑ ጫፍ በታች ያለው ሦስት ማዕዘን፣
አርባ ዓመት ግራጫ የቀረ፣ አፉን እንደ ዘጋ ሣጥን።
"አትንኩት" ትል ነበር። "ጭራዋ መቀስ የመሰለ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች፤
ቀለም ከሸተታት ጫጩቶቿን ጥላ ትሄዳለች።"
ልጆቹ በጣት እየተጠቋቆሙ፣ በሹክሹክታ ሥሩ አለፉ፣
ቄሱ እንኳ አንድ እሑድ ለርኅራኄህ ሁለት ዐረፍተ ነገር አተረፉ።

ዘንድሮ አንተ የለህም። ጉልበቴ ስልሳ ስምንት ዓመቱ፤
ኡርፖ መሰላሉን ታቀፈ፤ ወጣሁ፣ ባልዲ በክንዴ፣ በአፌ "አቤቱ"።
ዐሥራ አራት መወጣጫ። ሐይቁ ከታች ጠበበ፣
ጫማዬ ሥር እንጨቱ ሲጮህ ልቤ ወደ ጆሮዬ ቀረበ።

ደረስሁ።
ጎጆ የለም።
ጭቃ የለም፣ ላባ የለም፣ አንዲት ገለባ እንኳ።
አንዲት ሸረሪት ብቻ፣ እሷም ደንግጣ ስንጥቅ ውስጥ ገባች።

ከተቀባው ጠርዝ ላይ ግን አንድ የብሩሽ መስመር ወደ ላይ ወጥቷል፣
ጣት የሚያህል፣ ቀጭን፣ የተንቀጠቀጠ፤ ሄዶ ሄዶ በስንዝሩ ቆሟል።
እጅህን ዐወቅሁት። ክንድህ እስከ ጥፍሩ ተዘርግቶ፣
ዐይንህ ተጨፍኖ፣ ሌላው እጅህ መሰላሉን አንቆ፣ ደም ከፊትህ ጠፍቶ፤
ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ለወፍ ሰጠኸው።
ወፍን ማን ይጠይቃል?

አርባ ዓመት! በረዶው ሲሰነጠቅ ሐይቁን በእግሩ የተሻገረ፣
ድብ ጓሮ ሲገባ በመጥረጊያ ያባረረ፣
ከፍታ ፈርቶ ኖሯል! ለሚስቱም አልተናገረ!

ሳቅሁ፣ መሰላሉ እስኪንቀጠቀጥ፤ ባልዲው ኡርፖ ኮፍያ ላይ ተንጠባጠበ።
"ሂልካ! ምን ሆነሽ? ጎጆው አለ ወይ?"

ብሩሹ ቀለም ጠጥቷል። ክንዴ ይደርሳል።
ጥቂት ዝም አልሁ።

"አለ" አልሁት። "ሁለት ጫጩት። አፋቸውን ከፍተዋል። ድምፅህን ቀንስ።"
ኡርፖ ኮፍያውን አወለቀ።
ቀስ ብዬ ወረድሁ።

የተረፈውን ገንፎ የሳውናው በር በላ፣ ጥቂት ደግሞ የውሻው ቤት፤
በርሜሉ ተደፍቶ ይደርቃል፣ እስከሚቀጥለው የራብ ዓመት።
ያኔ ሰባ ስምንት ነኝ። መሰላሉን ሌላ ሰው ይውጣበት፤
መስመርህን ያገኛታል። ይሳቅ፣ ደስ እንዳለው።
ወፏን ግን፣ አደራ፣ አይንካት።