የስታማቲያ ገመድ

ስታማቲያ ማለት «በቃን» እንደ ማለት፣
አራተኛ ሴት ልጅ ስትወለድ ነው አባት እንዲህ ያላት።
ከወደቡ በላይ፣ ካሊምኖስ ደሴት፣
የሦስት ሆቴል አንሶላ ታጥባለች በእሷ ቤት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ገበያ ሲደራ ሲቀዘቅዝ አይታ፣
የአገሩን ኪስ ታውቃለች፣ በገመዷ ለክታ።

ያ በሽታ መጥቶ መርከብ የቀረ ጊዜ፣
ሰው ደጁን ዘግቶ ሲቆጥር ትካዜ፣
ገመዷ ባዶውን ባሕሩን ሰነጠቀ፤
የራሷ ቀሚስ ብቻ ነፋስ እያራገበው ደረቀ።
ዳቦ ጋጋሪው ፖቲቶስ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣
ዱቄት በሳሙና ለወጣት፣ የዱቤ ደብተር ይዞ፤
ማን ከማን እንደወሰደ በእርሳስ እየጻፈ።
ግማሹ ዛሬም አልተፋቀ፤ ጊዜው ግን አለፈ።

በሦስተኛው በጋ መርከቡ ጮኸ።
መጀመሪያ አራት አንሶላ፣ ቀጥሎ አሥራ ስድስት፣
ኋላ ገመዱ ጠበባት፣ ሌላ ወጠረች እስከ ጎረቤት።

ከክልሉ ቢሮ አንድ ወጣት መጣ፣ ቅጽ ይዞ፣ ዳገቱን ወጥቶ።
«ደሴቷ አገግማለች፤ ዘጠና አራት በመቶ!»
አለ፣ አንሶላውን በጣቱ ቆጥሮ፣ ከእንስራዋ ውሃ ጠጥቶ።

ከዳር ያሉትን ግን፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ አሥራ ሁለቱን፣
አልጠየቃትም የማን መሆናቸውን።
የሦስተኛው ሆቴል ናቸው፤ ከተዘጋ ቆየ፤
ባለቤቷ ኤቭዶኪያ ከሆስፒታል አልተመለሰች፣ ወራሽም አልታየ።
እንዳይሻግቱ ነው ስታማቲያ የምታወጣቸው፣
በወር አንድ ጊዜ ለፀሐይ የምታሰጣቸው።

ልትነግረው ነበር፤
መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ ነበረች፣
ነፋሱም በረታ፤
ዝም አለች።