ጭጋግ በኪራይ

ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት፣ ከኒሙ ዛፍ በታች፣
ሳንቃ አለችኝ አንዲት፣ በሁለት በርሜል የቆመች፤
መጽሐፍ አከራያለሁ።
በአዳር አሥር ብር፣ ለተማሪ ሰባት፣
ገጽ ላጠፈ ግልምጫ፣ ላረጠበ ቅጣት።

የፖለቲካው ክምር አቧራ ይጠጣል፣
የመክበሪያው ዘዴ በፀሐይ ይገረጣል፤
አንዷ ግን ሳንቃው ላይ አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም፣
ወገቧን በጆንያ ክር ብሰፋውም ብሰፋውም አይጠብቅም።

በውስጧ ትምህርት ቤት አለ፣ ድንጋዩ ሽበት ያበቀለ፣
መስኮቱ ዝናብ የሚያለቅስ፣ ማማው በደመና የተከለለ፤
ሌሊት የሚነቃ ቤተ መጻሕፍት፣ በሰንሰለት የታሰረ መዝገብ፣
ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው መምህር፣ ሻማ ይዞ የሚያነብ፤
አንዲት ተማሪ አለች፣ ጣቷ በቀለም የጠቆረ፣
ልቧ ከዚያ ጥላ ጋር መደርደሪያ መሐል የቀረ።

ይሄ ደግሞ ድሬ ነው፤
ቆርቆሮው በቀትር የሚንጣጣበት፣
ደቻቱ አሸዋውን ታቅፎ፣ እንደ ከሰረ ነጋዴ የተኛበት፣
ሰው በሽርጥ፣ በበረንዳ፣ በእርጥብ ፎጣ የሚያድርበት።
ታዲያ ሁሉም የሚለምነኝ ብርድ!
«አቦ፣ ያቺ የጭጋጓ አልተመለሰችም?»
ባጃጅ ነጂው ወንበሩ ሥር ሳምንት ሙሉ ደበቃት።
የከፊራዋ ሽንኩርት ቸርቻሪ፣ አንድ ገጽ በእንባ አበላሽታ፣
«ሽንኩርቱ ነው» ብላኝ ሄደች፣ ሳትቀጣ፣ በፈገግታ።
መብራት የጠፋ ማታማ፣ ሦስት ሰው ተራ ይይዛል።

ምኑን ወደዱት? እላለሁ።
እዚህ ፍቅር በአደባባይ ነው፣ ጎረቤት ቆጥሮ የሚያውቀው፣
በፀሐይ ከተማ እንግዲህ፣ ጥላ ነው ሰው የሚናፍቀው።
ደግሞ እዚያ መጽሐፍ ይነክሳል፣ እዚያ ዕውቀት ደም አለው፤
እዚህ ሽምደዳ ነው፣ ፈተና ሲያልቅ የምንረሳው።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ በእርሳስ፣ ቀጭን የሴት ጽሕፈት፦
«ጭጋግ ምን ምን ይሸታል? የሚያውቅ ይጻፍልኝ፣ በሞት!»
አወቅኋት። ኢፍቱ ናት፣ የሳቢያኗ መድኃኒት ሻጭ።
ከሥሯ፣ በሳምንቱ፣ ግራ እጅ የጻፈው የሚመስል፦
«እንጃ። እርጥብ ብረት ይመስለኛል።»
ናጂብ ነው፣ የባቡር ጋራዡ ዘበኛ፤
ከዛገ ፉርጎ ሌላ የሚያጫውተው የለ ሌሊት።
«እኔ ደግሞ የታጠበ ጥቁር ሰሌዳ» ብላ መለሰች እሷ፤
በዚህ ተጀመረ ነገሩ፣ ሞላ የገጹ ዳር ዳሩ፣
ከደራሲው ይልቅ በዛ የእነሱ የእርሳስ ምሥጢሩ።

እኔ ዝም አልሁ። አከራይ ነኝ እንጂ አማላጅ አይደለሁም።
(ውሸቴን ነው። አንዳቸው ሲመልሷት፣
ለሌላው ሳንቃው ሥር እሸሽጋታለሁ፤ «ወጥታለች» እላለሁ ለሰው።)

የመጨረሻ ቅጠሏ ሳልገዛት በፊት ተቀዷል፤
ልጅቷ ከጥላው ጋር ትሂድ ወይ ትቅር፣ ማን ያውቃል።
ባዶው የሽፋን ካርቶን ላይ፣ በዚያው በግራ እጅ ጽሕፈት፦
«ደንገጎ ሐምሌ ላይ ጭጋግ አለ አሉ። ሚኒባስ ነው። እሑድ።»

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም።
ረቡዕ ግን ኢፍቱ አመጣቻት፤
ሽፋኗ አብጦ፣ ገጿ ተጣብቆ፣ እንደ እርጉዝ ከብዳ።
«ቅጣቱ ስንት ነው?» አለች፣ ዓይኗን ከዓይኔ እያሸሸች።
«ሂጂ» አልኋት፣ «ሂጂ ወዲያ!»

ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ደንገጎን ያለፍሁት ሁሌ
በበጋ ነው፣ ከጭነት መኪና ላይ፣ ተኝቼ።
ሰው አለመኖሩን አየሁና፣
ገጽ ሠላሳ አንድን በጥፍሬ ቀስ ብዬ አላቀቅሁ፣
አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

ብረት አይደለም።
ሰሌዳም አይደለም።

ተነሥቼ እርሳስ ፍለጋ ኪሴን ዳበስሁ።