ወናፍ ረጋጩ

ሰው ሲያመሰግን የኔን አሥር ጣት፣
«ሂልያ ስትመታው ይከፈታል ሰማያት»፣
አርባ ዓመት ሰማሁት፣ ደስም እያለኝ፤
ዛሬ ሰማንያዬ ነው፣ መናገር አማረኝ።

ለኦርጋን እጅ ብቻ መቼም አይበቃውም፤
ትንፋሽ ካላቀበሉት ሣጥን ነው፣ ድምፅ የለውም።
እኛ ሳሬማ ደሴት፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ በጠባቧ ጓዳ፣
ወናፍ የሚረግጥ ሰው ነበረን በየእሑዱ ማለዳ።
ኤንዴል ነው ስሙ፣ ጀልባ የሚጠግን፤
ጫማውን አውልቆ፣ ኮቴው እንዳይረብሸን፣
ሠላሳ አንድ ክረምት በካልሲው ትንፋሽ ያቀበለን።
ደመወዝ አልነበር፤ ግን ኅዳር ሲጠባ
ድንች በጆንያ ከነጨው ዓሣው ቤቱ ይገባ።

አንድ መስከረም ላይ ካሬል ከእስር ወጣ፤
ኮንትሮባንድ አልኮል በጀልባ ሲያመጣ
የተያዘ ነበር። አሁን ሳል ይዞታል፤
የእናቱ ቀብር እንኳ በእስር አልፎታል።
«ወናፉን ሁለቱ እያፈራረቁ
ይርገጡት» አሉ ቄሱ፣ ብዙ ሳይጠይቁ።
ኅዳር ጠባ። ካሬል የረገጠው አምስት እሑድ ብቻ፤
ጆንያው ግን ደረሰው፣ ልክ እንደዚያኛው፣ አቻ ለአቻ።

ኤንዴል ያን ሌሊት የዓሣ ሚዛኑን ይዞ
ካሬል ጓሮ ገባ፣ ፋኖሱን ጋርዶ፣ እጁ ደንዝዞ፤
የሰውዬውን ጆንያ ሰቅሎ መዘነ።
በአንድ ፍሬ ድንች ይበልጣል። በአንድ! ልቡ በገነ።

(ኋላ ራሱ ነው ይኸን የነገረኝ፤
ስቄ ነበር መጀመሪያ፣ ቆይቶ ግን ቀፈፈኝ።
ከከተማ የመጣች ልጅ በፋሲካ ኦርጋን ስትመታ
«ከሂልያ ትሻላለች» ሲሉ ሰምቼ ያልተኛሁበት ማታ
ትዝ አለኝ። እኔም ጓዳዬ ሚዛን ነበረኝ።)

የገና ዋዜማ። ሰዉ ጢም ብሎ ሞልቶ፣
ካፖርቱ ይተናል፣ በረዶው ሟሙቶ።
የኤንዴል ተራ ነው። ሦስተኛው አዝማች ላይ
እግሩን አነሣ። ሆን ብሎ። «እስቲ ልይ፣
ያለኔ ትንፋሽ ማን እንደሚዘምር!»
ኦርጋኑ አቃሰተ፣ እንደ ሽማግሌ በሬ ትንፋሹ ሲያጥር።
ቁልፉን ብጫነው፣ ብጫነው፣ ዝም አለ፤
ጣቴ የነካው እንጨት ነው። ፊቴ ተቃጠለ።

ከራሴ በላይ በተሰቀለችው መስታወት አየሁ፣ ከኋላው ወንበር
ካሬል ብድግ ሲል፣ እያሳለ፣ ሲሮጥ በግራው በር።
ያለውን ሰማሁ፣ ሣንቃው ቀጭን ነው፦
«ኤንዴል፣ አመመህ እንዴ? ቁጭ በል፣ እኔ እረግጣለሁ። ልብህ ነው?»
ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ረገጠ፣ ዱብ ዱብ እያለ፤
ትንፋሹ ተመለሰ፤ መዝሙሩ ተንገዳግዶ ቀጠለ።

ቄሱ ኋላ ሲጠይቁ ካሬል ቀደመ፦
«ጠፍሩ ነው። ሰም ሳልቀባው የቀረሁት እኔ ነኝ።» ኤንዴል ፈዞ ቆመ።
ጠፍሩን ያን ቅዳሜ እኔው ነበርኩ በእጄ የቀባሁት፤
አፌን ግን አልከፈትኩም። እዚያ ነው ያየሁት፣
ስንት ዓመት በመዝሙር ስጠራው የኖርኩትን ጸጋ፦
ጭቃ ጫማ አጥልቆ፣ እያሳለ፣ የሰው ዕዳ አዝሎ ሲጠጋ።
እኛ በታላቁ በር ዘንባባ ይዘን ስንጠብቀው
እሱ በጓዳ ገባ። ማንም አላወቀው።

ኤንዴል ሚዛኑን አልሰበረም፤ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ይፈልገዋል።
ለካሬል ግን ጥር ላይ ነገረው። ምን እንደተባባሉ እነሱ ያውቁታል።
ከዚያ በኋላ ጓዳው ውስጥ ሁለት ጥንድ ካልሲ
ይሰቀል ጀመር፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ጎን ለጎን፣ እርጥብ።

ሁለቱም አልፈዋል። አሁን የሚነፋው ሞተር ነው፤
አይደክም፣ አይቀና፣ ሳልም የለው።
ወጣቷ መቺ ጎበዝ ናት (እውነቴን ነው፣ ትሻለኛለች)፤
ሰዉ ከበባት፣ እጇን ሲጨብጧት ትስቃለች።
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ጆሮዬን ወደ ሣንቃው እሰጣለሁ፤
ዱብ ዱብ የሚል ጫማ እጠብቃለሁ።